የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሐኪም መምህር ይሁን ወይስ ቢላዋውን ብቻ ይያዝ? ከጎንደር የተነሣ ክር

በጎንደር የጤና ተማሪዎችና ባለሙያዎች በሚወያዩበት መድረክ ላይ፣ የኢንተርንሺፕ ዓመቱን ሊጨርስ የተቃረበ አንድ ወጣት ሐኪም የከፈተው የውይይት ክር ከሳምንት በላይ ሳይቋረጥ ቆይቷል። የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ተምሮ፣ ከዚያም በሕፃናት ላይ ተጨማሪ ሥልጠና ወስዶ ወደ ጎንደር መመለስ ይፈልጋል። ጥያቄው ከተመለሰ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ መሆን ዋጋ አለው ወይስ ጉልበቱን በሙሉ ለኦፕራሲዮን ክፍል መስጠት ይሻለዋል? ወጣቱ ወደ ሁለተኛው እንደሚያደላ አልሸሸገም። ባለሙያው ጥቂት በሆነበት አገር ትምህርት ማዘጋጀትና ጽሑፍ ማሳተም ወረፋ ከሚጠብቁ ሕፃናት ላይ የሚወሰድ ጊዜ ነው ብሎ ያምናል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴንም ከመልሶቹ ጋር አብሬ አስቀምጣለሁ።

1ኛውን መልስ የሰጡት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያሉ ሐኪም) በትሕትና መንገዱን ዘረዘሩለት። ከሕክምና ዲግሪ በኋላ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ 5 ዓመት ይፈጃል፤ በሕፃናት ላይ የሚወሰደው ፌሎሺፕ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይጨምራል። በ2ኛው መልስ ሌላ ሰው እርማት አከለ፦ ይህ ስሌት የአገልግሎት ግዴታውንና የመግቢያ ውድድሩን አልያዘም፤ ስለዚህ ሕይወቱን የሚያቅድ ሰው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ የጥበቃ ዓመታትንም ይደምር። አያይዞም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚቀጠር ስፔሻሊስት በረዳት ፕሮፌሰርነት እንደሚጀምር፣ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ወደ ፕሮፌሰርነት የሚያሳድገው ግን በምርምር፣ በማስተማርና በማኅበረሰብ አገልግሎት የሠራው ሥራ እንደሆነ አስረዳ።

3ኛው መልስ የክሩን ሙቀት ከፍ አደረገው። ጸሐፊው በሰላ ቃል፣ የደረጃ ዕድገት ጽሑፍ ሕፃን አድኖ እንደማያውቅ፣ ማዕረግ የሚያሳድደው ሐኪም ብዙ ጊዜ ከኦፕራሲዮን ክፍል የሸሸ ሰው እንደሆነ፣ ክር ከፋቹም የእጁን ሙያ አጥብቆ እንዲይዝ መከረ። ብዙዎች ደገፉት፤ ሐሳቡ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። በተረኛነት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው ስለ ጽሑፍ ሲነሣበት መሰልቸቱ አያስገርምም። ነገር ግን አባባሉ ከሙያው ታሪክ ጋር ይጋጫል፤ 4ኛው መልስ ይህንኑ በማስረጃ አሳየ።

የ4ኛው መልስ ጸሐፊ በመጀመሪያ የራሳችንን አገር አስታወሱ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና እስኪጀመር ድረስ ይህን ሙያ ለመማር ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ያን ጊዜ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች ቢላዋቸውን ብቻ ይዘው ቢኖሩ ኖሮ ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ እንሆን ነበር። ቀጥለው ቤንጃሚን ዋርፍ የተባሉትን አሜሪካዊ የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሐኪም አነሡ። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኡጋንዳ ምባሌ ሄዱና በዚያ በተቋቋመው የሕፃናት ሆስፒታል ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሳሽ የተጠራቀመባቸውን ሕፃናት ማከም ጀመሩ። የተለመደው ሕክምና ሸንት ነው፤ ከአንጎል ክፍተት ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ በቆዳ ሥር ይቀበራል። ሸንት ግን ይዘጋል፣ ይመረቅዛል፤ በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ 40 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ይበላሻል። ቱቦው ሲዘጋ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ማግኘት ያለበት ልጅ ደግሞ የሚኖረው ከሆስፒታል የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ነው።

ስለዚህ ዋርፍ በኢንዶስኮፕ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ ወደ አንጎል ክፍተት ገብተው ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፍታሉ፤ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሥጋም በሙቀት ይተኩሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ መውጫ መክፈት ብቻውን በ47 በመቶው ሲሳካ፣ ሁለቱ ሥራዎች አንድ ላይ ሲደረጉ ግን በ66 በመቶው ተሳክቷል። በዚያው ዓመት ባወጡት ሌላ ጥናት 195 ሕፃናትን ተከታትለው፣ በሕንድ የሚሠራው ርካሹ የቻብራ ሸንት ከውዱ የምዕራቡ ሸንት ጋር ሲነጻጸር በአንድ ዓመት ውስጥ የከፋ ውጤት እንደሌለው አሳዩ። መልስ ሰጪው እዚህ ላይ የ3ኛውን ጸሐፊ በቀጥታ ጠየቁት፦ ውድ ዕቃ እስኪገዛ ሕፃናቱን ማስጠበቅ እንደማያስፈልግ ዓለም ያወቀው ከጽሑፍ ካልሆነ ከምን ነው?

5ኛው መልስ የመጣው ከአንድ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ በክሩ ውስጥ ከሁሉም በላይ የወደድኩት እሱን ነው። ሐኪሟ 4ኛውን ደግፈው ሲያበቁ ነገሩ እንዳይጋነን አስጠነቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያው በምባሌ የትኛው ሕፃን በየትኛው ዘዴ እንደሚታከም በዕጣ የተለየበት፣ በ100 ሕፃናት ላይ የተደረገ ንጽጽር ታትሟል፤ በኢንዶስኮፕ የታከሙትና ሸንት የገባላቸው ሕፃናት ከ12 ወር በኋላ ሲለኩ በአእምሮ ዕድገታቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ጥቅሙ ልጁን ከሸንት ጥገኝነት ማላቀቁ ላይ እንጂ አእምሮውን በተሻለ ማሳደጉ ላይ አይደለም። አዲስ ዘዴ ፈልስፎ ብዙ ዓመት የደከመ ሰው ዘዴውን ለእንዲህ ያለ ፈተና ሲያቀርብ፣ የወጣውንም ውጤት ተቀብሎ ከነስሙ ሲያሳትም ማየት ለእኔ የመምህር ሐኪም ትርጉም ነው። 3ኛው ጸሐፊ የሚነቅፉት ለማዕረግ ሲባል ብቻ የሚጻፈውን ከሆነ እስማማለሁ፤ ሁለቱን ግን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

6ኛው መልስ አጭር ነበር፤ ሕፃን የተጨመቀ አዋቂ እንዳልሆነ ለማስታወስ የአንድ የማደንዘዣ ባለሙያ አስተያየት ነው። አራስ ልጅ በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አለው፤ 3 ኪሎ የሚመዝን አራስ በሰውነቱ ያለው ደም በሙሉ ከሩብ ሊትር አይበልጥም ማለት ነው። በአዋቂ ላይ ማንም የማይቆጥረው፣ በጥቂት ጋዝ የሚጠረግ ደም በእሱ ላይ ከአሥር አንዱን ይወስዳል። በሕፃናት ላይ ተለይቶ መሠልጠን ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

ከዚያ 7ኛው መልስ መጣ። አዘዞ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው፤ የሕክምና ሰው ባይሆኑም ዘመድ ክሩን አሳይቷቸው ነው የጻፉት። ሴት ልጃቸው በሦስት ወሯ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ ቀድሞ ማደግ ጀመረ፤ እርግብግቢቷ ተወጠረ፣ የግንባሯ ደም ሥሮች ጎልተው ወጡ፣ ዓይኖቿም ወደ ታች እንዳዩ ቀሩ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ ሸንት ተደረገላትና ዳነች። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ማስመለስና ቀን ቀን መተኛት ስታበዛ ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰዷት፤ ጨጓራ ነው ተብሎ ሽሮፕ ተሰጣት። በማግስቱ ያያት ሌላ ወጣት ሐኪም ግን ፀጉሯን ገለጥ አድርጎ ከጆሮዋ ጀርባ በቆዳዋ ሥር ያለችውን የሽምብራ ፍሬ የምታህል የሸንቱን ማጠራቀሚያ እብጠት በጣቱ ጫን አደረጋት፤ ገብታ ቀረች፣ ተመልሳ አልሞላችም። ያን ሌሊት ሪፈር ተጻፈላትና በጊዜ ደረሰች። አባትየው ወጣቱን ሐኪም ይህን ከየት አወቅህ ብለው ሲጠይቁት፣ ተማሪ ሳለ አንድ የአንጎል ቀዶ ሐኪም አልጋ ዳር አቁመው እንዳስተማሩት ነገራቸው። አባትየው ለክር ከፋቹ ልጄ ብለው የጻፉለት ምክር ከዚህ የመነጨ ነው፦ ልጃቸውን ያተረፋት ሸንቱን ያስገባው እጅ ብቻ አልነበረም፤ አንድም ቀን ያላያት መምህር ጭምር ነው።

በ8ኛው መልስ አንድ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት አባትየውን አመስግኖ አንድ እርማት በአክብሮት አቀረበ። የሸንቱን ቫልቭ፣ ማለትም የፈሳሹን ፍሰት የሚቆጣጠረውን መዝጊያ፣ ወይም ማጠራቀሚያውን በጣት መጫን አስተማማኝ ምርመራ አይደለም፤ ደህና ሸንት ሳይሞላ፣ የተዘጋውም ሲሞላ ይገኛል። ሸንት ያለው ልጅ ካስመለሰውና ከተጫጫነው ሌላ ምክንያት በማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ሸንቱ ተዘግቷል ተብሎ ይታሰብ፣ ለሲቲ ስካንም ይላክ። ጣት የነገረውን ብቻ አምኖ ልጁን ወደ ቤት የሚመልስ ሐኪም እንዳይኖር ይህ እርማት ተገቢ ነበር፤ አባትየውም አመስግነው ተቀበሉት።

ከ9ኛው እስከ 12ኛው ያሉት መልሶች ከመንገድ ወጡ። አንዱ ጠበል ወስደን ዘገየን ብሎ የሚጸጸት ወላጅ ነበር፤ ሌላው በዚያ ላይ ተነሥቶ ሕዝቡን በሙሉ በአላዋቂነት ወቀሰ፤ ሦስተኛው ወቃሹን ጨዋነት እንዲማር ነገረው። ነገሩን ያበረዱት አንድ ዲያቆን ሲሆኑ፣ ጠበሉም ሐኪሙም ከአንድ እግዚአብሔር እንደሆኑ፣ ልጅ ታሞ ሁለቱን ማስቀደምና ማስከተል እንጂ ማጣላት እንደማይገባ ጽፈው አለፉ። የአራዳና የማራኪ ሰፈር ሰዎች ስለ ጤና መድን ወረፋ የተለዋወጡትን እዘለዋለሁ።

13ኛው መልስ ክሩን መለሰው፤ እንዲያውም ወደማላውቀው ታሪክ ወሰደኝ። እ.ኤ.አ. በ1929 ፍራንክ ኢንግራሃም በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ለሕፃናት ብቻ የሚሆን የአንጎል ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲከፍቱ ይህ ሙያ ራሱን ችሎ መቆም ጀመረ። የሸንት ቫልቭ ታሪክ ደግሞ ከዚያ ይደንቃል። ጆን ሆልተር የሚባል በፔንስልቬንያ የሚኖር የማሽን ባለሙያ ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምበትን ሕመም ይዞ ተወለደበት፤ ዩጂን ስፒትዝ የተባሉት ቀዶ ሐኪም የነበረው ቫልቭ ለምን እንደሚበላሽ ሲያስረዱት፣ በቤቱ ባለው መሥሪያ ከሲሊኮን የተሠራ ቫልቭ አበጀ። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ያ ቫልቭ በሕፃናት ላይ ዋለ። ጸሐፊው ይህን ያነሡት፣ ሐኪሙ ጥያቄውን ለሌላ ሙያ ሰው አስረድቶ መናገር ባይችል ኖሮ የማሽን ባለሙያው መፍትሔውን ሊሠራ እንደማይችል ለማሳየት ነው። ማስረዳት ደግሞ የመምህር ሥራ ነው።

በ14ኛው መልስ አንድ ሰው ስለ ቤን ካርሰን አነሣ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ገና በ33 ዓመታቸው በጆንስ ሆፕኪንስ የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሕክምና ኃላፊ መሆናቸውን፣ በ1987ም ጭንቅላታቸው የተጣበቀ መንትዮችን በመለየት መታወቃቸውን አስታወሰ። 15ኛዋ መልስ ሰጪ ሴት ሐኪም ግን ለጎንደር ልጃገረዶች የበለጠ የሚጠቅመው የአሌክሳ ካናዲ ታሪክ እንደሆነ ጽፋለች፤ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የአንጎል ቀዶ ሐኪም ናት፤ ከ1987 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን የሕፃናት ሆስፒታል ክፍሉን መርታለች። ሴት ተማሪ ይህን ሙያ እመርጣለሁ ስትል ትዳርሽስ፣ ልጅሽስ የሚላትን መምህር በጠንካራ ቃል ወቅሳለች። ስም አልጠራችም፤ ግን በዚያች ወቀሳ ሥር ብዙ ሴት ተማሪዎች የራሳቸውን አከሉ።

16ኛው መልስ የአንድ አንጋፋ ጤና መኮንን ነው፤ ጋሼ ብለን የምንጠራቸው ናቸው። የክሩን ሰዎች ወደ ራሳቸው ከተማ ታሪክ መለሱ። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ የደምቢያን ሜዳ የመታው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን ወደ ገጠር እንዲሰማሩ ነበር የታሰበው። ተማሪዎች ዛሬም በቡድን ሥልጠና ወደ ወረዳ ይወጣሉ። ጋሼ የጠየቁት በጎንደር የሚሠራ የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሐኪም ይህን ውርስ ይጠቀምበታል ወይስ በኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ያበቃል ብለው ነው። የህብለ ሰረሰር ክፍተት ይዘው፣ ማለትም ጀርባቸው ተከፍቶ፣ ከሚወለዱት ልጆች በአብዛኞቹ ላይ ችግሩን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለሌሎች ሴቶች 400 ማይክሮ ግራም በቂ ነው። ህብለ ሰረሰሩ ግን ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀናት ገደማ ይዘጋል፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ማለት ነው። በነፍሰ ጡር ክትትል ላይ የሚሰጠው ክኒን ለዚህ ይዘገያል።

በ17ኛው መልስ አንድ ተማሪ መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት እንዲበለጽጉ፣ ማለትም ቫይታሚን እንዲታከልባቸው፣ አስገዳጅ ማድረጉን በማስታወስ ጉዳዩ ተፈቷል አለ። 18ኛው የመጣው ከበለሳ ሲሆን ቁጣ ነበረበት፤ የበለሳ እናት ከፋብሪካ የወጣ ዱቄት እንደማትበላ፣ ማሽላዋንና ጤፏን በሰፈሯ ወፍጮ እንደምታስፈጭ፣ ወፍጮ ቤቱ ምንም እንደማይጨምርበት ጻፈ። ቃሉ ሻካራ ቢሆንም እውነቱ ከእሱ ጋር ነው። ጨው ግን ሁሉም ቤት ይገባል፤ አዮዲን ያለበት ጨው ላይ ፎሊክ አሲድ የመጨመር ሐሳብ በአገራችንም እየተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ጉባኤ ምግብን ስለማበልጸግ ውሳኔ ሲያሳልፍ ግፊት ካደረጉት መካከል የሕፃናት አንጎል ቀዶ ሐኪሞች ነበሩበት። ጀርባው የተከፈተ አራስ በየሳምንቱ የሚያይ ሰው የሚናገረው ቃል ሚኒስቴር ውስጥ ክብደት አለው፤ ዘወትር የሚመዘግብና የሚያሳትም ከሆነ ደግሞ ይበልጣል።

19ኛው መልስ ስለ ደመወዝ ነበር፤ የክሩ መራራ ክፍልም ይኸው ነው። ጸሐፊው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ስፔሻሊስት በሚያገኘው ገንዘብ ቤት ተከራይቶ ልጅ ማስተማር እንደሚከብደው፣ ማታ በግል ክሊኒክ የማይሠራ መምህር እንደሌለ፣ ስለ ክብር የሚሰብኩትም ራሳቸው ውጭ አገር እንደሚኖሩ በመግለጽ አንዳንዶቻችንን አስቀየመ። በ20ኛው ከአገር የወጣ አንድ የጎንደር ተወላጅ ሐኪም ነቀፌታውን ሳያስተባብል መለሰ፤ እሱ የሄደው በገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሚያስተምረው፣ የሚያማክረውና አብሮት የሚያዝን ባልደረባ አጥቶ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የሆነበት ክፍል ሌሊቱንም ቀኑንም ተረኛ ያደርገዋል፤ ሲታመም ክፍሉ ይዘጋል።

21ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የ20ኛው መልስ ለክር ከፋቹ ጥያቄ ቀጥተኛ ምላሽ እንደሆነ ነው ያስረዳሁት። ሸንት የገባለት ልጅ የአንድ ቀን በሽተኛ አይደለም፤ ሲያድግ ቱቦው ያጥረዋል፣ ሲዘጋ ይቀየርለታል፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ዓይኑና ዕድገቱ ይታያል፣ የህብለ ሰረሰር ክፍተት ካለበትም ሽንቱና እግሩ ዕድሜውን ሙሉ ክትትል ይሻሉ። ልጁ ጎልማሳ ሲሆን ሐኪሙ ጡረታ ይወጣል። በግል ሆስፒታል ብቻውን የሚሠራ ድንቅ ሐኪም ሲለቅ መዝገቡም ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። በዩኒቨርሲቲ ክፍል ግን የክትትል ቀን አለ፣ የሕመምተኞች መዝገብ አለ፣ ራውንድ ላይ ቆሞ የሚጠየቅና የሚጠይቅ ሬዚደንት አለ። ስለዚህ ተተኪ ማፍራት የሐኪሙ ትርፍ ጊዜ ሥራ ሳይሆን የሕክምናው አንድ አካል ነው፤ ተተኪ ሳይኖር ለሕፃን ሸንት ማስገባት ግማሹን አክሞ መተው ነው። ደመወዙ ይህን ያህል ዝቅ ማለቱንም አልካድኩም፤ መንግሥት ይህን ሰው ማታ ወደ ክሊኒክ እንዳይሮጥ አድርጎ ካልያዘው መምህርነቱ በስም ይቀራል።

3ኛው ጸሐፊ በ22ኛው ተመልሶ፣ መምህርነቱን ሳይሆን በብዛት የሚቆጠረውን ጽሑፍ እንደሚቃወም አብራርቶ፣ ለዕድገት ሲባል የክትትል ክሊኒክ የሚመራ ሐኪም ከአሥር ጽሑፍ በላይ ነጥብ ሊያገኝ ይገባል አለ። ይህን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የዕድገት መመዘኛ ላይ ሊሠራበት የሚገባ ነው።

23ኛውን መልስ የሰጠችው ደባርቅ አካባቢ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። አንድ መምህር ቀዶ ሐኪም በሰጡት የአንድ ቀን ሥልጠና ያገኘችውን ጻፈች። ጀርባው ተከፍቶ የተወለደ ሕፃን በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛ፤ ቁስሉ በንጹሕ ሳላይን በራሰ የማይጣበቅ ጋዝ ይሸፈን፣ እንዳይደርቅም ላዩ በንጹሕ ፕላስቲክ ይጋረድ፤ አዮዲንም ሆነ ሌላ ማጽጃ አይፍሰስበት፤ ሙቀቱ ይጠበቅ፤ ክፍተቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢዘጋ የኢንፌክሽን አደጋው ስለሚቀንስ ሪፈሩ ለነገ አይባል። አንድ ተማሪ እንዲህ ያሉ ልጆች የላቴክስ አለርጂ ስለሚበዛባቸው ጓንቱ ከላቴክስ ያልተሠራ ቢሆን እንደሚመረጥ አከለ። ነርሷም ተቀብላ፣ ሌላ ጓንት ከሌለ ግን በዚያ ምክንያት ሕፃኑ እንዳይዘገይ፣ ከመነሣታቸውም በፊት ወደ ተቀባዩ ሆስፒታል ተደውሎ ክብደቱ፣ የተወለደበት ሰዓትና ቁስሉ ፈሳሽ ማንጠባጠብ አለማንጠባጠቡ እንዲነገር ጠየቀች።